ከኪራዩ በላይ የከፈልኩት፦ ብቻዬን ቤት ስከራይ የገጠሙኝ ክፍያዎችና ክልከላዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው ከደላላ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» የሚል ነው። «ብቻዬን ነኝ» ስል የሚከተለው ነገር ባለፉት አምስት ዓመታት ብዙም አልተለወጠም፤ ደላላው ትንሽ ዝም ይልና «ሥራሽ ምንድን ነው? ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? እንግዳ አታበዢም አይደል?» ይለኛል። አንዳንዱ አከራይ ላጤ ከነጭራሹ አይቀበልም። ሌላው ደግሞ ላጤ ውሃና መብራት አይጨርስም፣ ልጅ ስለሌለው ግድግዳ አያበላሽም በሚል ሒሳብ ላጤን ይመርጣል። እኔ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ ከኪራዩ ውጭ የከፈልኩትን እያንዳንዱን ብር በአንድ ደብተር ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ እዚያ ደብተር ላይ የሰፈረውን ብቻውን ቤት ሊከራይ ያሰበ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የመጀመሪያው ቤቴ በ2013 ዓ.ም. ገርጂ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ የነበረ ሰርቪስ ቤት ነው። አንድ ክፍልና ጠባብ ኩሽና ነበረው፤ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው። ኪራዩ በወር 3,000 ብር ሲሆን የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ተጠየቅኩ፤ ደላላው የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ቤቱን ሊያሳየኝ የመጣበትን የትራንስፖርት ብሎ ሌላ 200 ብር ጠየቀኝና ያንንም ከፈልኩ። ውል በጽሑፍ አልነበረንም። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ፣ በመንደሩ የተከበሩ፣ እትዬ ብዬ የምጠራቸው ሴት ነበሩ፤ «እንደ ልጄ ነው የማይሽ» ብለው ቁልፍ ሲሰጡኝ ሌላ ወረቀት መጠየቅ ነውር መስሎ ታየኝ።

ግቢው ውስጥ የእሳቸውን ዋና ቤት ጨምሮ አምስት ቤቶች ነበሩ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የመብራትና የውሃ ሒሳብ ሲመጣ ለአምስት ይካፈላል። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ስለነበር አምስት ሰው የተጠቀመበትን ውሃ እኔ ብቻዬን ከተጠቀምኩበት እኩል ይከፍሉ ነበር። በሁለተኛው ወር ሒሳቡ በሰው ቁጥር ቢሆን ብዬ በትሕትና ጠየቅኩ። እትዬ ፊታቸው ተለወጠና «ቤት ነው የሚቆጠረው ልጄ፣ ሰው አይቆጠርም፤ የሰው ልጅ መቁጠር ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ነገሩን ተውኩት። ከአራት ወር በኋላ ታናሽ እህቴ ለሕክምና ከደሴ መጥታ ዘጠኝ ቀን እኔ ጋር ስታርፍ ግን በወሩ መጨረሻ ሒሳቤ ላይ 270 ብር ተጨምሮ መጣ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «ሰው ጨምረሻል፤ ለአንድ ሌሊት ሠላሳ ብር ነው» ተባልኩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ብቻውን የሚከራይ ሰው ሒሳብ በቤት ሲካፈል እንደ ሙሉ ቤት ይቆጠራል፣ ሰው ሲጨምር ደግሞ በነፍስ ወከፍ ይሰላበታል፤ አቆጣጠሩ አስቀድሞ ካልተነገረ በየወሩ የሚለዋወጠው በእሱ ላይ ነው።

ስለ ጋራ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ በወር ውስጥ የሚጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ላጤ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ትንሽ ፍሪጅ ቢጠቀም ከታችኞቹ እርከኖች ላይወጣ ይችላል። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይሄድና ትንሽ የተጠቀመውም ሰው በውድ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የኪራዩ መርከስ ብዙ አያስደስት፤ የራሱ ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት በወር ጥቂት መቶ ብር ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ፍሪጅ የገዛሁት በስድስተኛው ወር ነው፤ ከጋሪ ላይ ሲወርድ እትዬ በረንዳቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። በማግስቱ የቤት ሠራተኛቸው መጥታ «ለፍሪጅ በወር 200 ብር ይጨመራል ብለውሻል» አለችኝ። ፍሪጁ ትንሽ ስለነበር በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው፤ በወር ሠላሳ ማለት ነው። በጊዜው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጨረሻው እርከን እንኳ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ3 ብር በታች ስለነበር በጣም ቢጋነን 90 ብር አይሞላም፤ ያውም ያ ፍጆታ ለአምስት የምንካፈለው ሒሳብ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል። ይህን በወረቀት አስልቼ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «ቁጥርሽ ደስ ይላል፤ የግቢው ሕግ ግን ይሄ ነው» ብለው መለሱልኝ። በመጨረሻ በ100 ብር ተስማማን። ስሌት ይዞ መሄድ ሁሉን ባያስቀርም ግማሹን እንዳስቀረልኝ መካድ አልችልም።

ምጣድ ፈጽሞ የተከለከለ ነበር። ይህንን ክልከላ መጀመሪያ ላይ እንደ ጭካኔ ቆጥሬው ነበር፤ በኋላ ግን የሰርቪሱ የመብራት መስመር ከዋናው ቤት በቀጭን ሽቦ ተስቦ የመጣ መሆኑን አየሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ከእኔ በፊት የነበረች ተከራይ ስትጋግር የኩሽናው ማከፋፈያ ተቃጥሎ ግድግዳው ላይ ጥቁር ምልክት ጥሏል። ስለዚህ ክልከላው ምክንያት ነበረው። ምክንያት ያለው ክልከላም ቢሆን ግን ዋጋ አለው፦ በቀን ሁለት እንጀራ በ12 ብር ስገዛ በወር 720 ብር ይወጣብኝ ነበር፤ ጤፉንና መብራቱን አስልቼ ራሴ ብጋግር ኖሮ ከሚወጣው ጋር ሳነጻጽረው ወደ 300 ብር ልዩነት ነበረው። ቤት ስታዩ «ምጣድ ይቻላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ኪራይ ጥያቄ ቁጠሩት የምለው ለዚህ ነው። ልብስ ማጠብም ውሃ በሚመጣበት ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ወይ አጣቢ ይቀጥራል ወይ ላውንደሪ ይወስዳል፤ ያም ገንዘብ ነው።

ሁሉንም ችዬ ከዚያ ቤት ያስወጣኝ የበሩ ነገር ነው። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከውስጥ ይቀረቀራል፤ ለተከራይ የበር ቁልፍ አይሰጥም። በሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ፣ ከቢሮ አምሽቼ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደረስኩ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ቆርቆሮውን በቁልፌ እያንኳኳሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆምኩ በኋላ የእትዬ የልጅ ልጅ ጆንያ ራሱ ላይ አድርጎ መጥቶ ከፈተልኝ። በወሩ ሒሳብ ላይ «የበር መክፈቻ 50 ብር» የሚል ተጽፎ አገኘሁት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ለልጁም ብሰጠው ቅር አይለኝም ነበር። ነገር ግን ወደ ቤቴ ለመግባት እንደከፈልኩ ሲሰማኝ እዚያ ቤት ውስጥ መቆየት እንደማልችል አወቅኩ። በስምንት ቀን ውስጥ ለቀቅኩ፤ አስቀድሜ የከፈልኩት የአንድ ወር ተኩል ኪራይም አልተመለሰልኝም፤ ይመለስልኝ ብዬ የማሳየው አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረኝም።

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዘመድ ቤት ቆይቼ በ2015 ዓ.ም. ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራየሁ። ባለ ሁለት መኝታ የሆነው በቅንጦት አይደለም፤ ቤቱ በባለ አንድ መኝታ ዋጋ፣ በ8,000 ብር ነው የተሰጠኝ፤ ምክንያቱም አንደኛው መኝታ ክፍል የባለቤቷ ዕቃ ታጭቆበት ተቆልፎ ይቀመጣል። ባለቤቷ የምትኖረው አሜሪካ ነው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወንድሟ ነበር። በዚህ አከራይ ዘንድ ስለ እንግዳም ስለ ምጣድም ስለ ሰዓትም የሚጠይቅ ሰው የለም፤ የራሴ ካርድ ቆጣሪ አለኝ፣ የራሴ ቁልፍ አለኝ። ነፃ የወጣሁ መሰለኝ።

የተቆለፈ ክፍል ግን በራሱ ጣጣ ነው። በሦስተኛው ወር እሑድ ጠዋት ተኝቼ ሳለ የሳሎኑ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ወንድምየው ነበር፣ የራሱን ቁልፍ ተጠቅሞ ገብቶ ከክፍሉ ውስጥ ምንጣፍ ሊወስድ። «እህቴ፣ አትደንግጪ፣ እኔ ነኝ» አለኝ፤ እኔ ግን ነጠላ ደርቤ ኮሪደር ላይ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ቁልፍ ልቀይር ብዬ ጠየቅኩ፣ ዕቃ ስላለው አይሆንም አለ። በኋላ የተስማማነው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ፣ እኔ ባለሁበት እንዲገባ ነው፤ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያም በራሴ ወጪ አስገጠምኩ። ብቻዋን የምትከራይ ሴት የተቆለፈ ክፍል ያለበት ቤት ከገጠማት፣ ቅናሹ ቢያጓጓትም፣ ባለ ዕቃው መቼና እንዴት እንደሚገባ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ባትይዘው እመክራለሁ።

ሌላው የኮንዶሚኒየም ጉዳይ የማኅበሩ መዋጮ ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን፣ ማለትም ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ የፍሳሽ መስመሩንና ግቢውን፣ የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የባለቤቶች ነው እንጂ የተከራዮች አይደለም። በልማድ ግን የጥበቃውንና የጽዳቱን ወርሃዊ ክፍያ እዚያው የሚኖረው ተከራይ ይከፍላል፤ ይህ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የሚጠበቀው እኔ ነኝና። እኔ ለጥበቃ 150፣ ለጽዳት 100፣ ውሃ ወደ አራተኛ ፎቅ ለሚገፋው ሞተር ደግሞ 80 ብር እከፍል ነበር። በሰባተኛው ወር ወንድምየው ደውሎ የሕንፃው የፍሳሽ መስመር በአዲስ ሊቀየር ስለሆነ ከየቤቱ 2,000 ብር ተጠይቋል፣ ክፈዪ አለኝ። ይህ የዕለት ወጪ አይደለም፤ የባለቤቷ ንብረት ለዓመታት የሚጠገንበት ነው። እሺም እንቢም ሳልል ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ወረድኩ። ሰብሳቢው ደብተራቸውን ገልጠው ጣታቸውን በቤት ቁጥሬ ላይ አሳረፉና «የእናንተ ቤትማ ተከፍሏል» አሉኝ። ባለቤቷ ገንዘቡን ከአሜሪካ ልካ ወንድምየው ከሁለት ሳምንት በፊት ገቢ አድርጎታል። እኔን የጠየቀኝ ሁለተኛውን 2,000 ነበር።

አልተጣላሁም። የማኅበሩን ደረሰኝ በስልኬ ፎቶ አንስቼ «ቀድሞ ተከፍሏል ተባልኩ፣ አመሰግናለሁ» ከሚል መልእክት ጋር ላክሁለት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፍሳሹ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከዚህ የወሰድኩት ልማድ አለ፦ ከኪራይ ውጭ የሚጠየቅ ክፍያ ሲመጣ ማን እንደጠየቀውና ደረሰኙን ማን እንደሚሰጥ እጠይቃለሁ፤ ክፍያውንም በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር አደርገውና የምክንያት ቦታው ላይ «የጥቅምት ጥበቃ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ማን ምን እንደከፈለ የሚያስታውሰው ስልኬ ነው።

ያንን ቤት የለቀቅኩት ባለቤቷ ስትመለስ ነው፤ ክፉ ነገር አልነበረም። በዚያ ጊዜ ሕጉም ተለውጦ ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያሳውቀው በላይ አይደረግም። ቀድሞ ይህ ሁሉ ቢኖር የገርጂው ገንዘቤ ሊመለስልኝ ይችል እንደነበር እያሰብኩ አነበብኩት።

በ2017 ዓ.ም. ሰሚት አካባቢ ስቱዲዮ ስፈልግ ግን የሕጉ መኖር ብቻውን እንደማይበቃ አየሁ። አንድ አከራይ ኪራዩ 12,000 ነው፣ ወረዳ የምናስመዘግበው ውል ላይ ግን 6,000 ብለን እንጻፍ፣ ግብር በዝቶብኛል አለኝ። ለእኔ የሚጎድልብኝ ነገር የሌለ ይመስላል። ነገር ግን ያ ውል ላይ ስፈርም በየወሩ የምሰጠው ሌላው 6,000 ብርም ሆነ የሁለት ወሩ ቅድሚያ ግማሽ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይኖርም፤ ነገ ብንጣላ የምከራከርበት ቁጥር የእሱ ቁጥር ነው። ሌላዋ አከራይ ቅድሚያው ሁለት ወር ብቻ ነው፣ ሕግ አከብራለሁ አለችና «የቁልፍ» የሚል ተመላሽ የማይሆን 10,000 ብር ጨመረችበት። ከሁለት ወር ያለፈ ቅድሚያ በሌላ ስም ሲመጣ ስሙን ሳይሆን ድምሩን ማየት ነው። ሁለቱንም ቤቶች ተውኳቸው፤ በፍለጋው ላይ አንድ ወር ተጨመረብኝ።

አሁን ያለሁበትን ቤት ያከራዩኝ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀብድ ከመስጠቴ በፊት ደብተሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፦ ቆጣሪው የማን ነው፣ ውሃው በቤት ነው ወይስ በሰው የሚካፈለው፣ ምጣድና ፍሪጅ ላይ የሚጨመር አለ ወይ፣ እንግዳ ቢያድር የሚከፈል አለ ወይ፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ቁልፍ ይሰጠኛል ወይ፣ ከጥበቃና ከጽዳት ሌላ ማኅበሩ የሚጠይቀውን ማን ይሸፍናል፣ ከእኔ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው ማን ነው፣ የተበላሸ ቧንቧ ማን ያሠራል። ገና ሦስተኛው ላይ ሳለሁ ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው «ጥሩ ነው፣ እኔም እንዳልረሳው ልጻፈው» አሉና መልሱን በአንድ ገጽ ላይ በእጃቸው ጻፉት፤ ሁለታችንም ፈርመንበት ከተመዘገበው ውል ጋር አያይዘነዋል። እህቴ ስትመጣ የሚከፈል የለም። ምጣድ ይቻላል፣ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይቻልም፤ የታች ቤቷ አራስ ነበረች፣ አልከፋኝም። በገባሁበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር፣ የግድግዳውን ስንጥቅና የኩሽናውን የተሰበረ ሸክላ እሳቸው ባሉበት ፎቶ አነሳሁ።

አንድ ነገር ግን አምልጦኛል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ለአራት ቤት የሚሆን አንድ ሮቶ አለ፤ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተነስቶ ቧንቧውን መክፈትና ሲሞላ መዝጋት የማን ድርሻ እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር። ጎረቤቶቼ ልጆች ስላሏቸው «አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ አይከብድሽም» ተብሎ ለእኔ ተሰጥቷል፤ በየሳምንቱ ሁለት ሌሊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬን በእጄ ይዤ ደረጃ እወጣለሁ። በሚቀጥለው ወር በተራ እንዲሆን ልጠይቃቸው አስቤአለሁ፤ ለጥያቄዎቼም በደብተሬ ላይ አሥረኛ ቁጥር ጨምሬአለሁ።